ለየጁቤ የታሪክ ክፍል የምናቀርበው ሐሳብ፦ አስተያየታችሁን ጨምሩበት

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በየጁቤ ይቁም ተብሎ የታሰበው ሐውልት ቀርቶ የከተማዋን ታሪክ የሚያሳይ አንድ ክፍል ይሁን ብለናል። ከወረዳው የምንጠይቀው ቤቱን ብቻ ነው፤ ዕቃውንና ድካሙን ማኅበራችን ይችላል። ማመልከቻው ሳይገባ የጎደለውን ሙሉበት።

አባል፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የጁቤን ዛሬ ሰው የሚያውቃት የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ መሆኗን ነው፤ ያውም ካወቃት። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን የባሶ ገበያ በጎጃም ስሙ የገነነ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ፣ ከእናርያ አገር፣ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ (ከጥርኝ የሚገኘው ሽቶ) ከዓባይ ማዶ ባለው በጉድሩ አሰንዳቦ ገበያ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ እዚሁ ይራገፍ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ። ይህ መንገድ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይሳልልን። ክረምት ዓባይ ሲሞላ ነጋዴው ወንዙ እስኪጎድል እንደሚጠብቅም ይጻፍ። ንግዱን ከያዙት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለነበሩ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች ይጠየቁ።

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ እኔ አሞሌ አመጣለሁ። አያቴ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ያስቀመጠችው ነው። እርጥበት እንዳያሟሟው ነው እንዲህ የሚደረገው። ጫፍ ጫፉ ተሸራርፏል፤ እንዳይሰበር የታሰረበት ልጥ ግን አሁንም አለ። ልጆቻችን ገንዘብ ጨው እንደነበር በእጃቸው ይዘው ይዩት።

አባል፣ ጡረተኛ መምህር፦ የዘረዘራችሁት ዕቃ ሁሉ እውነት ነው። ግን በባሶ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከዓባይ ማዶ ተይዘው የመጡ ልጆች እዚያ ገበያ ላይ ቆመዋል። ቡናውን ጽፈን እነሱን ከዘለልን እኔ አልፈርምም።

አባል፣ ከየጁቤ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እዚህ አገር ቤት «የእገሌ ዘር» የሚባል ነገር እስካሁን አልጠፋም። ጋብቻ ይፈርስበታል። ክፍሉ ተከፍቶ ሰው ጎረቤቱን መጠቆሚያ ካደረገው ማን ይጠቀማል?

ጡረተኛው መምህር፦ እውነትሽን ነው ልጄ። እንግዲያው ንግዱ ይጻፍ፣ የቤተሰብ ስም አይጻፍ። የገዛም የተሸጠም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑም ይግባ፤ ሩቅ ዘመን እንዳይመስላቸው።

አባል፣ ከየጁቤ፦ በዚህ እስማማለሁ። ሽማግሌዎች ሲቀረጹም ስም ከጠሩ ድምፁ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ይቆረጥ።

ጸሐፊ፦ ጥሩ፣ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። አንቀጹ እንዲህ ሆኗል፦ «ክፍሉ የባሶ ገበያን ታሪክ፣ የሰው ንግድን ጨምሮ፣ ሳይሸፋፍን ያሳያል። የማንንም ቤተሰብ የዘር ሐረግ አያወጣም።» ቀረጻው ይቅደም፤ ሽማግሌዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የጁቤ ያላችሁ፣ መቅረጫ ስልክና ከሰዎቹ ጋር የሚቀመጥ ጎበዝ ወጣት ማን ጋ አለ?