«የሞተ መጽሐፍ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

የቀበና ልጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ ደራሲ «ፒዲኤፍ የሚለቅ ሁሉ ሌባ ነው» ሲል ሰምቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገበያ ላይ ያለ መጽሐፍ ነክቼ አላውቅም። በደርግ ጊዜ ታትመው ዳግም ያልታተሙትን ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በገዛ ገንዘቤ እየገዛሁ፣ ገጽ በገጽ በስልኬ እያነሳሁ የራሴ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጣለሁ። ማስታወቂያ የለው፣ ሳንቲም አላገኘሁበት። የሞተ መጽሐፍ ማንሳት ከመቼ ወዲህ ነው ሌብነት የሆነው?

የደራሲ ልጅ፦ «የሞተ መጽሐፍ» ያልከውን እስቲ አስረዳኝ። አባቴ በ1977 ያሳተመው ልቦለድ ዳግም ያልታተመው ገንዘብ አጥተን ነው። ዘንድሮ አሳታሚ ጋ ስንሄድ «ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ይዞታል፣ ማን ይገዛዋል?» አለን። ታሞ ነበር እንበል፤ የገደላችሁት እናንተ ናችሁ።

ስደተኛዋ፦ እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። እኔ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሥራ የሚያልቅልኝ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ፍራሼን ኩሽና ወለል ላይ ዘርግቼ፣ የስልኬን ብርሃን በነጠላዬ ሸፍኜ የማነበው እሱ የለቀቀውን ነው። ልግዛ ብል ከየት? የሚሸጥ ካለ አሳዩኝ፣ እከፍላለሁ።

አራሚው፦ ወደ ሕጉ እንምጣ። አዋጅ 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። «ከገበያ እስኪጠፋ» አይልም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያረፉት በ1931 ነው፤ የእሳቸውን ብታነሳ ማን ከለከለህ? ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት አዋጁ በወጣበት በ1996 ነው። እስከ 2046 ባለቤት አላቸው።

የቀበና ልጅ፦ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በየመደብሩ አለ፣ ምን ልሠራበት አነሳዋለሁ? እኔ የምለው የደርግ ጊዜው አሳታሚ ድርጅት ኩራዝ ያሳተማቸውን ነው። ኩራዝ ዛሬ የለም። ውሎቹ የት ገቡ? ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ የአንድ ደራሲ ቤተሰብ ሁለት ዓመት ፈልጌ አጣሁ። ወረቀቱስ እስከዚያ ይጠብቀናል? ባለፈው አንዱን ስገልጠው ጠርዙ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

የስድስት ኪሎው፦ የታተመ ሁሉ በሕግ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ይገባል። «ካላነሳሁት ይጠፋል» አትበል።

ስደተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ከጅዳ ወመዘክር በየት በኩል ይኬዳል?

የስድስት ኪሎው፦ ውጭ ያላችሁት ሁልጊዜ በነፃ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ተማሪው ምሳውን ትቶ ይገዛል።

ስደተኛዋ፦ «እከፍላለሁ» ማለቴን አላነበብከውም። ከደሞዜ የሁለት ወንድሞቼን ትምህርት ቤት እከፍላለሁ። በነፃ ያገኘሁት ነገር የለም።

የደራሲ ልጅ፦ እባካችሁ እሷን ተዉአት፣ ጠቤ ከእሷ ጋር አይደለም። አባቴ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ለባለቤቴ» ብሎ ለእናቴ አራት መስመር ጽፎ ነበር። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ቅጂ ያንን ገጽ አውጥቶ የቻናሉን ስም በቀይ ለጥፎበታል። እናቴ ይህንን በስልኬ አየች። ሰማንያ ዓመቷ ነው።

የቀበና ልጅ፦ እኔ ገጽ አላወጣም፣ ስሜንም አልለጥፍም። ከእኔ ወስደው እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ፣ እኔም ስናደድባቸው ነው የምኖረው። የአባትሽን መጽሐፍ ርዕስ ላኪልኝ፤ እኔ ጋ ካለ ዛሬውኑ አወርደዋለሁ። እናትሽንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የደራሲ ልጅ፦ አንተ ብታወርደው ከየቻናሉ ማን ያወርደዋል? በሩን የከፈተው ማን ሆነና?

አራሚው፦ ይቅርታ ጠየቀ እንጂ «የሞተ» ያለውን ቃል አላነሳም።

የቀበና ልጅ፦ አላነሳም። የእሷ አባት መጽሐፍ ልጅ አለው፣ ይሟገትለታል። መደርደሪያዬ ላይ ጠያቂ የሌላቸው አርባ አንድ አሉ። የእነሱን ልጆች አምጡልኝና ልጠይቃቸው።

የደራሲ ልጅ፦ አርባ አንዱን ዝርዝር አውጣው። ርዕስና የደራሲ ስም ብቻ፣ ገጽ ሳትለቅ። ልጆቻቸው ይኑሩ አይኑሩ ያኔ እናያለን።