ኢትዮ ጃዝ ከየት ልጀምር ለምትሉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች (ጥቆማ)

ኢትዮ ጃዝ ለመስማት ከየቱ ልጀምር ለምትሉ የኔ መልስ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሚለው አልበም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የተሰራው። ጃዝ አለው ሶል አለው ፋንክ አለው፣ ዜማው ግን የኛው ነው። ሰባት ትራክ ብቻ ነው፣ ከደሴ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ ከከፈታችሁት ኮምቦልቻ ስትገቡ እሱም እያለቀ ነው።

ጃዝ ይከብዳል ብላችሁ አትፍሩ በናታችሁ። ባቲና አምባሰል ከኛው ከወሎ የወጡ ቅኝቶች ናቸው፣ ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ለምዷቸዋል፣ ጋሽ ሙላቱ ያደረገው ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ሳይነካ ከስሩ የጃዝ ሀርሞኒ (ከዜማው ጋር አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ማስገባት ነው፣ ቀላል ይመስላል እንጂ ሀርሞኒው ትንሽ ከበዛ ዜማው ይጠፋል፣ እሱ ግን አላጠፋውም፣ ለኔ ትልቅነቱ እዚህ ጋ ነው። ካላመናችሁ መጀመሪያ «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ክፈቱ፣ የሰርጉ ዘፈን ነው፣ ዜማውን ስለምታውቁት ቤዙና ቫይብራፎኑ (በመምቻ የሚመታው ባለ ብረት መሳሪያ) ምን እየሰሩ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ መከታተል ትችላላችሁ። ከዛ «ደወል»ን፣ ከዛ ከመጀመሪያው አንስታችሁ ሳትዘሉ ስሙት።

የ1966ቶቹ «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞቹም አሪፍ ናቸው ግን ላቲኑ ያመዝናል፣ ለጀማሪ አልመክርም። የዋልያስ ባንድና የኃይሉ መርጊያ «ቼ በለው» አልበም (1977) ደግሞ ኦርጋኑ ልብ ያሞቃል፣ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ሙዚቃ እሱ ላይ ነው ያለው፣ መደነስ የምትወዱ ከሱ ብትጀምሩም አልቃወምም፣ እንደውም ጋሽ ሙላቱ እዛም ላይ ተጫውቷል። እኔ ግን ሁለተኛ አደርገዋለሁ።

ሙዚቃ ቤት ፍላሽ ላይ የምታስጭኑ ከሆነ «የሙላቱን ጫንልኝ» ብቻ ካላችሁ ከየአልበሙ የተደባለቀ ነው የሚሰጧችሁ፣ የአልበሙን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ። የጋሽ ሙላቱን «የከርሞ ሰው» «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ አትፈልጉት፣ እሱ «ኢትዮፒክስ 4» የሚለው ስብስብ አልበም ላይ ነው ያለው። ኢንተርኔት ላይ ከሆነ የምትፈልጉት እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና የታተመውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ውሰዱ። እና እባካችሁ በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ ቤዙ ጭራሽ አይሰማም፣ የዚህ አልበም ግማሽ ነገሩ ደግሞ ቤዙ ላይ ነው፣ ርካሽም ቢሆን ኢርፎን አድርጉ።