4መ² + 10መ + 25 ለምን (2መ + 5)² አይሆንም?

ተማሪዋ (ኮዬ ፈጬ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ9ኛ ክፍል ጥያቄ ነው፤ እባካችሁ እዩልኝ። 8መ³ − 125ን ፋክተር አድርጉ ይላል። (2መ − 5)(4መ² + 10መ + 25) ላይ ደረስኩ። ሁለተኛው ቅንፍ ውስጥ 4መ² የ2መ ስኩዌር ነው፣ 25 ደግሞ የ5። ስለዚህ (2መ + 5)² ብዬ ጨረስኩት፤ ስህተት ነው ተባለ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? 2መ² − 50ንስ፣ 2ም 50ም ሙሉ ስኩዌር ስላልሆኑ «ፋክተር አይደረግም» ብል ልክ ነኝ?

አስጠኚ (አያት)
የመጀመሪያው እርምጃሽ ትክክል ነው፣ እዚያው ላይ ማቆም ነበረብሽ። ዳርና ዳሩን አይተሽ መሀሉን አልፈተሽሽም። ሦስት ተርም ያለው ነገር ሙሉ ስኩዌር የሚሆነው መሀለኛው 2ሀለ ሲሆን ብቻ ነው፦ ሀ² + 2ሀለ + ለ²። እዚህ ሀ = 2መ፣ ለ = 5፤ 2 × 2መ × 5 = 20መ መሆን ነበረበት። ያለሽ 10መ ነው፣ ልክ ግማሹ።

ግማሽ የሆነው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። የኪዩብ ልዩነት ቀመር ሀ³ − ለ³ = (ሀ − ለ)(ሀ² + ሀለ + ለ²) ነው። ስታባዢው +ሀ²ለ ከ−ሀ²ለ፣ +ሀለ² ከ−ሀለ² ጋር ይጣፋል፤ የሚቀሩት ሁለቱ ኪዩቦች ብቻ ናቸው። መሀሉን 2ሀለ ካደረግሽው ግን ሀ²ለ − ሀለ² ይተርፍሻል።

በቁጥር ፈትኚው። መ = 1 ሲሆን 8 − 125 = −117። ትክክለኛው (−3)(39) = −117 ይሰጣል፤ ያንቺው (−3)(49) ግን −147። 4መ² + 10መ + 25 ከዚህ በላይ አይከፈልም፤ ዲስክሪሚናንቱ (በኳድራቲክ ቀመር ስኩዌር ሩት ውስጥ የሚገባው ቁጥር) 10² − 4 × 4 × 25 = −300፣ ኔጌቲቭ ነው።

መምህር (ለገጣፎ)
ሁለተኛው ላይ ልክ አይደለሽም። ቀመር ከመፈለግሽ በፊት የጋራውን አውጪ፦ 2(መ² − 25) = 2(መ − 5)(መ + 5)። ብዙ ልጅ ማርክ የሚጥለው እዚህ ነው፤ ወይ የጋራውን አያወጣም፣ ወይ አውጥቶ ሲያበቃ መልሱ ላይ 2ን ይረሳዋል። መ² + 25 ከሆነ ግን ተይው፣ የስኩዌር ድምር በዚህ መንገድ አይከፈልም።

የስኩዌር ልዩነትን በቃል ከመያዝ መሬት ላይ እይው፤ በእኛ ሰፈር ቦታ ሁሉ የሚጠራው በካሬ አይደል። 20 በ20 የሆነ ግቢ 400 ካሬ ነው። ከታች በቀኝ ጥግ 6 በ6 ሰርቪስ ቤት ተሠራበት እንበል፣ 36 ካሬ። ባዶው 364 ካሬ ሲሆን ቅርጹ የ«ገ» ፊደል ነው። አናቱ 20 በ14፣ እግሩ ደግሞ 14 በ6። እግሩን ቆርጠሽ አዙሪና ከአናቱ ጎን ግጠሚው፤ 14 በ26 አራት ማዕዘን ይሆናል። 14 ማለት 20 − 6፣ 26 ማለት 20 + 6 ነው። በካሬ ደብተር ወረቀት ላይ ስለሽ በመቀስ ሞክሪው፣ ዳግመኛ አይጠፋሽም።

አስጠኚ (አያት)
አንድ ልጨምር። መ⁶ − 64 የስኩዌር ልዩነትም የኪዩብ ልዩነትም ነው፤ በስኩዌር ጀምሪ። (መ³ − 8)(መ³ + 8) ብለሽ እያንዳንዱን በኪዩብ ትጨርሺዋለሽ። በኪዩብ ከጀመርሽ መ⁴ + 4መ² + 16 ይመጣና «አለቀ» ያስብላል፤ እሱ ግን ገና ይከፈላል።

ተማሪዋ (ኮዬ ፈጬ)
በጣም አመሰግናለሁ። 3መ³ + 24 = 3(መ³ + 8) = 3(መ + 2)(መ² − 2መ + 4)። ልክ ነው?

መምህር (ለገጣፎ)
ልክ ነው። መ = 1 አስገቢበት፦ በዚያ በኩል 3 + 24፣ በዚህ በኩል 3 × 3 × 3።