«ባክቲ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ

ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። አንድ የሕንድ ተከታታይ ድራማ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ባክቲ» የሚለው ቃል በየክፍሉ ይመላለሳል። እስካሁን «አምልኮ» እያልኩ አልፌዋለሁ። አሁን ግን አንድ ትዕይንት ላይ ያዘኝ። እናትየው ጠዋት የሕፃኑን አምላክ የክሪሽናን ትንሽ ምስል ትቀሰቅሳለች። ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ወተትና ቅቤ ታቀርብለታለች። ማታ ደግሞ ታስተኛዋለች። ልጇ ይህን እያየ «የእናቴ ባክቲ ይህ ነው» ይላል። «የእናቴ አምልኮ ይህ ነው» ብዬ ጻፍኩትና ደረቀብኝ። እስቲ እርዱኝ።

መልስ

እህቴ፣ «አምልኮ» ስህተት አይደለም። የደረቀብሽ ግን በምክንያት ነው። አምልኮም አምላክም የመጡት «መለከ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ገዛ፣ የራሱ አደረገ ማለት ነው። ስለዚህ አምልኮ ስንል ውስጡ ገዢና ተገዢ አሉ።

ባክቲ የሚወጣው «ባጅ» ከሚል የሳንስክሪት ሥር ነው። መካፈል፣ ድርሻ መያዝ፣ የአንዱ ወገን መሆን፣ መውደድ፣ ማክበር፤ ይህን ሁሉ ይይዛል። ከዚሁ ሥር «ባጋ» አለ፤ ድርሻ ወይም መልካም ዕድል ነው። «ባጋቫን» ባለ ባጋው፣ ማለትም ጌታ ነው። «ባጃን» መዝሙሩ፣ «ባክታ» ደግሞ ባክቲ ያለው ሰው ነው። ዕጣ ፈንታንም በሂንዲ «ባግያ» ይሉታል። የእኛም «ፈንታ» እኮ ድርሻ ማለት ነው! ዳዊት ፈጣሪን የርስቴ ዕድል ፈንታ ሲለው የሚሰማን ነገር፣ ለባክቲ ከ«አምልኮ» ይልቅ ይቀርባል።

አሁን ወደ እናትየው እንምጣ። በተለይ ክሪሽናን በሚወዱት ዘንድ ባክቲ የዝምድና ዓይነት አለው። አንዱ እንደ አገልጋይ ይቀርባል። ሌላው እንደ ጓደኛ፣ ሌላዋ እንደ አፍቃሪ። እንደ ወላጅ የሚቀርብም አለ፤ ይህ «ቫትሳልያ» ይባላል። «ቫትሳ» ጥጃ ነው። ላም እንቦሳዋን እየላሰች የምታሳየው ስስት ነው እንግዲህ ቃሉ። እናትየው የምታደርገው ይህንኑ ነው። የክሪሽና አሳዳጊ እናት ያሾዳ እንዳደረገችው አምላኳን እንደ ልጅ ታባብላለች። እዚህ ላይ ገዢና ተገዢ ብትፈልጊ አታገኚም። እንዲያውም በተረቱ ያሾዳ ሕፃኑ ሲያስቸግራት በገመድ ታስረዋለች።

ሌሎቹን የባክቲ መንገዶች በአጭሩ ልበል። ባጋቫታ ፑራና የሚባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ዘጠኝ ይቆጥራል። ስለ አምላክ መስማት፣ መዘመር፣ ማሰብ፣ እግሩን ማገልገል፣ ፑጃ (የአምልኮ ሥርዓት) ማድረስ፣ መስገድ፣ ሎሌ መሆን፣ ጓደኛ መሆን፣ በመጨረሻም ራስን ጠቅልሎ መስጠት። ይህን የሚናገረው ፕራህላዳ የሚባል ልጅ ነው። የሚናገረውም ቪሽኑ የሚባለውን አምላክ አጥብቆ ለሚጠላው ለገዛ አባቱ ነው፤ ያውም አባትየው «ምን ተማርክ?» ብሎ ሲጠይቀው።

ሌላ አባል

ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና አልተስማማሁም። ምስል ቀስቅሶ ማብላት በአማርኛችን ጣዖት ማምለክ ነው። ለምን ቃሉን እናለሳልሰዋለን?

መልስ

ወንድሜ፣ የእምነት ፍርድህ የራስህ ነው፤ እኔም የራሴ አለኝ። ተርጓሚ ግን ተናጋሪው ያላለውን ማስባል የለበትም። ልጁ እናቱን እያመሰገናት ነው። «ጣዖት ታመልካለች» ካስባልነው ሌላ ሰው አደረግነው።

ደግሞ የሚያደርጉትን በእነሱ ዓይን እንየው። የቤተ መቅደስ ምስል ገና ከጠራቢው እጅ እንደወጣ አይመለክም። መጀመሪያ «ፕራና ፕራቲሽታ» የሚባል ሥርዓት ይደረጋል፤ እስትንፋስ ማኖር እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ አምላክ በእንግድነት እንዳለ ይቆጠራል። ሰው ሊያየው ብቻ ሳይሆን ሊታይም ይሄዳል። ይህ መተያየት «ዳርሻን» ይባላል። በሂንዲ አምላክ ዳርሻን ይሰጣል፣ ሰው ዳርሻን ይወስዳል። ምሽት ላይ መብራቱን በምስሉ ፊት ያዞራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ እጁን ነበልባሉ ላይ ያሳልፍና ዓይኑን ይዳብሳል። የቀረበው ምግብም ተመልሶ ለሰው ይታደላል፤ «ፕራሳድ» ይሉታል፣ ጸጋ ማለት ነው። ጠበል ጻዲቅ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ብዛቱም ቁም ነገር አይደለም። ባጋቫድ ጊታ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ምዕራፍ 9 ቁጥር 26 ላይ ክሪሽና የሚጠይቀው ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ውኃ ነው፤ በባክቲ ይቅረብ እንጂ።

ከዱባይ

እኔ ደግሞ አብሮኝ የሚሠራ፣ ማሃራሽትራ ከሚባለው የሕንድ ግዛት የመጣ ሰው ያጫወተኝን ልጨምር። ፓንዳርፑር በሚባል ከተማ ያለው አምላክ ቪታል ይባላል። ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጡብ ላይ ቆሟል። ለምን ጡብ? ፑንዳሊክ የሚባል ሰው ወላጆቹን እያስታመመ ሳለ አምላክ በሩ ላይ መጣ። ፑንዳሊክ ሥራውን አላቋረጠም። ጡብ ወርውሮለት «እዚያ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ» አለው። አምላክም በዚህ ደስ ብሎት እስከ ዛሬ ቆሟል ይላሉ። ወላጅን መጦር ራሱ ባክቲ ሆነ ማለት ነው።

በየዓመቱ በእነሱ ክረምት መግቢያ አላንዲና ዴሁ ከሚባሉ ከተሞች ተነሥተው ወደ ሦስት ሳምንት በእግራቸው እየዘመሩ ወደ ቪታል ይሄዳሉ። መንገድ ላይ እርስ በርስ «ማዉሊ» ይባባላሉ፤ «እናቴ» ማለት ነው፣ ወንዱም ሴቱም። አንዱ የሌላውን እግር ይነካል።

ይህን ሲነግረኝ ግን ቾካሜላንም አልደበቀኝም። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረ ባለቅኔ ነው። «አይነኬ» ተብለው ከተገለሉት ወገኖች ስለተወለደ ከቤተ መቅደሱ አይገባም ነበር። ለቪታል የተቀኘው ከውጭ ሆኖ ነው። መታሰቢያው ዛሬም ደጁ ላይ፣ ደረጃው ሥር አለ። ባክቲ ሰውን ሁሉ እኩል አደረገ ብሎ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ዝማሬው እኩል አድርጎ ነበር፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ዓረፍተ ነገሩን ምን ላድርገው? «ባክታ» የሚለውስ?

መልስ

ስሙን ተዪውና በግስ በዪው። አማርኛ እንዲህ ያለውን በግስ ይወዳል። «እናቴ አምላኳን የምትወደው እንዲህ ነው።» አለቀ።

«ባክታ»ን «ወዳጅ» በዪው። «የሚካኤል ወዳጅ»፣ «የማርያም ወዳጅ» እንል የለ? «የክሪሽና ወዳጅ»ም ያለ ማብራሪያ ይገባል። «መናኝ» ግን እንዳትይው። ምናኔ ዓለምን መተው ነው፤ ከባክታዎች ብዙዎቹ ቤትና ልጆች አሏቸው። ከታወቁት ባክታዎች ካቢር ሸማኔ ነበር፣ ራቪዳስ ቆዳ ሠሪ።

«አምልኮ»ን ለፑጃው ሥርዓት አስቀሪው፤ እዚያ ቦታውን ያገኛል። ድራማው ውስጥ ወታደር ወይም ባንዲራ ሲመጣ ደግሞ «ደሽ ባክቲ» መስማትሽ አይቀርም። «ደሽ» አገር ነው። እሱን «የአገር አምልኮ» ብለሽ እንዳትመልሽው። «የአገር ፍቅር» ነው።