ሬዲዮ ቴሌስኮፕ በቀንና በደመና እንዴት ያያል?

ቤዛ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የእንጦጦ ቴሌስኮፖች ሰማዩ ሲደምን ሥራ ይፈታሉ፤ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ግን በጠራራ ፀሐይም በደመናም ይሠራል ይባላል። እንዴት? ለምንስ ያን ያህል ይገዝፋል? ሳይንቲስቶቹ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ነው የሚከታተሉት?

ዲሽ ተካዩ፦
ቤዛ፣ ጣራ ለጣራ ስዞር ያረጀሁ ሰው ነኝና ከጣራችሁ ልጀምር። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ዝናብም ንፋስም ሳይኖር፣ የቴሌቪዥኑ ምስል ለጥቂት ደቂቃ ተቆራርጦ ይመለሳል። ዲሹ ወደ ናይልሳት ከዞረ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሆነው። ደንበኛ ይደውልና «አበላሽተህብኝ ሄድክ» ይለኛል። ዲሹ ደህና ነው፤ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ የእሷ የሬዲዮ ሞገድ የሳተላይቱን ውጦት ነው። በዚያች ሰዓት ዲሻችሁ ሳይወድ በግዱ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሆኗል።

አሠራሩም ያው ነው። ሳህኑ ሞገዱን ሰብስቦ ወደ አንድ ነጥብ ይመልሳል፤ እዚያ ያለው መቀበያ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ከባድ ዝናብ አጫጭሮቹን ሞገዶች ቢያደክምም ረዘም ያሉትን ደመና አያግዳቸውም። አየሩ የፀሐይን ብርሃን በትኖ ቀኑን ያደምቀዋል፤ የሬዲዮ ሞገዷን ግን እንዲያ አይበትነውም። ሳህኑ በቀጥታ ወደ እሷ ካልዞረ ቀንም ሌትም ይሠራል።

ግዝፈቱ አንድም ደካማ ሞገድ ለመሰብሰብ፣ አንድም አጥርቶ ለማየት ነው፤ ሞገድ በረዘመ ቁጥር አጥርቶ ለማየት ሰፊ ሳህን ይጠይቃል። የሃይድሮጅን ጋዝ የሚለቀው ሞገድ 21 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ከሰማይ መጀመሪያ የተያዘው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ፣ ግሪን ባንክ ያለው የ100 ሜትር ሳህን እንኳ በዚህ ሞገድ ለይቶ የሚያየው ትንሹ ቁራጭ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሲሶ ያህላል። ስለዚህ ሰማዩን ነጥብ በነጥብ እየቃኙ ይመዘግቡና ሥዕሉን ኮምፒውተር ያወጣዋል። ማዳመጫ አያስፈልግም።

የሐረሯ፦
እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ግሪን ባንክን ሄጄ አይቼዋለሁ። ስልክ አጥፉ ተባልን፤ ዲጂታል ካሜራም ወደ ሳህኑ አይቀርብም። የጎብኚዎቹ አውቶቡስ የናፍጣ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ብልጭ ባለ ቁጥር የሬዲዮ ሞገድ ይረጫላ! አካባቢው ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ነው። አውስትራሊያ፣ ፓርክስ ውስጥ ባለው ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ደግሞ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ግራ ያጋባ ምልክት ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ምንጩ ሲገኝ ምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ ሆኖ አረፈው፤ ጊዜው ሳያልቅ በሩን ሲከፍቱት የሚያመልጥ ሞገድ።

ጋሼ ያላነሱትን ልጨምር። ደቡብ አፍሪካ፣ ካሩ ውስጥ ያለው ሚርካት የሚባል ሬዲዮ ቴሌስኮፕ 64 ሳህኖች አሉት፤ ስፋታቸው 13.5 ሜትር ብቻ ነው። ተቀናጅተው ሲሠሩ ግን 8 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሳህን የሚያየውን ያህል አጥርተው ያያሉ።

ቤዛ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእኛን ዲሽ ሆን ብዬ ፀሐይን እንዲያይ ማድረግ እችላለሁ?

ዲሽ ተካዩ፦
ትችያለሽ። በኤል ኤን ቢው (ከሳህኑ ፊት ባለችው መቀበያ) እና በሪሲቨሩ መካከል መርፌ ያላትን ርካሽ ፋይንደር፣ ማለትም የሞገድ ጥንካሬ መለኪያ፣ አስገቢ። ሳተላይት ወደሌለበት ሰማይ አዙሪና መርፌዋን ዝቅ አድርገሽ አስተካክዪ፤ ከዚያ ዲሹን ወደ ፀሐይ። በዓይንሽ እንዳትከተያት! ከሳህኑ የሚመለሰው ብርሃን ኤል ኤን ቢው ላይ ሲያርፍ ዲሹ ፀሐይን አገኘ ማለት ነው፤ በሬዲዮ ሞገዷ መርፌዋ ትዘላለች። ወደ ቤቱ ግድግዳ ስታዞሪውም ከፍ ትላለች፤ ግድግዳውም ሙቀት ስላለው ይህን ሞገድ ይለቃል። ብቻ ዲሹን ከመንካትሽ በፊት የቆመበትን ቦታ ብረቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፤ ማታ ድራማው ሲጠፋ እናትሽ የሚደውሉት ለእኔ ነው።