የልብና የስትሮክ ዕቅዳችን፦ ረቂቁ ላይ እንነጋገር (ሀዋሳ)

ሰብሳቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። ረቂቁን ሁላችሁም አይታችሁታል። ሐሳቡ አጭር ነው፤ የደም ግፊት ለልብ ሕመምና ለስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ስለሚዳርግ ሕክምናው ለሁሉም እኩል ይድረስ። ከገጠር መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገባች ልጅም፣ አማርኛ የማይቀናቸው እናትም ሳይቀሩ። ሳትሸፋፍኑ አስተያየት ስጡ።

የዕድር ዳኛ፦ ልጆቼ፣ ቅጹ ላይ «ብሔር» የሚል ቦታ አየሁ። ይውጣ። ሰው ግፊቱን ሊለካ መጥቶ ብሔሩን ከተጠየቀ ሁለተኛ አይመለስም።

ሲስተር፦ አባባ፣ ልክ ነዎት። ግን ምንም ካልጠየቅን ማን እንደቀረ በምን እናውቃለን? «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ» እና «ቀበሌ» ይበቃናል። አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮች በስትሮክ የመያዝ ዕድል የነጮችን እጥፍ ይጠጋል። ችግሩ በአብዛኛው የሰፈር፣ የገቢና የሕክምና ነው እንጂ የዘር አይደለም። እኛም መለካት ያለብን እሱን ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፦ እኔ ጋ የግፊት መለኪያ ማሽን አስቀምጡ። ወንዱ ጤና ጣቢያ አይሄድም፣ ፀጉር ቤት ግን አይቀርም።

ፋርማሲስቷ፦ ይሄ ተሞክሯል! ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ52 ፀጉር ቤቶች 319 ጥቁር ወንዶች ተሳትፈው ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ፋርማሲስት ፀጉር ቤት ድረስ መጥቶ መድኃኒት ያስጀመራቸው ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው (ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁ) በ6 ወር በአማካይ 27 ወረደ። «ሐኪም ጋ ሂድ» ብቻ የተባሉት ግን ወደ 9 ነው የወረደላቸው። ስለዚህ ለክቶ መሸኘት አይበቃም። እኛ ጋ ደግሞ ፋርማሲስት መድኃኒት አያዝም፤ በሳምንት አንድ ቀን ጤና መኮንን ይምጣልን ብለን እንጠይቅ። ረቂቁ ይህንን ዘሎታል።

ሲስተር፦ ሲለካ ግን ወግ ይኑረው። 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ እግሩን አያጣምር፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቡና አይጠጣ። ወሬ እያወራ የተለካ ቁጥር አይታመንም። አንዴ 140/90 ስላለ ታማሚ ብላችሁ እንዳትፈርጁት፣ ሌላ ቀን ይደገም።

የገበያ ተወካይ፦ ወንድሜ፣ ፀጉር ቤት ለወንድ ነው። ሴቶቹስ? ገበያና ዕድር ላይ ይጨመር። ሌላው፣ የጎረቤታችን ፊት ጠዋት ተጣሞ አደረ። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽለት ዋለ። ማታ እጁ አልታዘዝ ሲለው ነው ሐኪም ቤት የደረሰው።

ሲስተር፦ እሱን ነው የምፈራው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው የስትሮክ ምልክት በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ሰዓት አይታችሁ ሩጡ። መልእክቱ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በአማርኛ በድምፅ ይቀረጽ፤ ፖስተር የማያነብ ሰው አለ።

ባጃጅ ሹፌሩ፦ ድምፁን ስጡኝ፣ ቀኑን ሙሉ አሰማዋለሁ። ግን ረቂቁ «ቡና በጨው ይቅር» ይላል። እናቴን ማን ይነግራታል?

ሲስተር፦ ሃሃ! የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፣ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። የአንድን ሕዝብ ቡና ነጥሎ መውቀስ ያስቀይማል። «ወጥም ቡናም ላይ ጨው እንቀንስ» ይባል።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን። «ብሔር» ወጥቷል፣ ጤና መኮንን ገብቷል፣ ገበያና ዕድር ተጨምረዋል። የጤና መኮንኑን አበል ማን ይችላል የሚለው አልተቋጨም፤ እሑድ እንጨርሰው። የማሽን ዋጋ የሚያጠናው ማነው?

ፋርማሲስቷ፦ እኔ። የክንድ ማሰሪያው ግን በሁለት መጠን ይገዛ። ጠባቡ ለወፍራም ክንድ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።