የቀበሌ አገልግሎትን ለማሻሻል ከምን እንጀምር? (ድሬዳዋ)

ጠያቂ፣ ከሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁም። በሰፈራችን ጥቂት ነዋሪዎች ተሰባስበን፣ በቀበሌ ስለሚታየው የአገልግሎት መጓተት ለአስተዳደሩ ምክር ቤት የጽሑፍ ሐሳብ ልናቀርብ ነው። ለዚህ ያነሳሳን የአንዲት ጎረቤታችን ጉዳይ ሲሆን፣ የልጇን ልደት ለማስመዝገብ አራት ጊዜ ሄዳ አንዴ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ አንዴ «ሲስተም የለም» እየተባለች ስትመለስ ከቆየች በኋላ፣ በመጨረሻ ጊዜው አልፎብሻል ተባለች። ከእኛ መካከል ኮምፒውተር ይጨመር የሚሉ አሉ፤ ሠራተኛው ይቀየር የሚሉም አሉ። በትንሽ ወጪ፣ ቶሎ ሊጀመር የሚችለው የትኛው ነው ትላላችሁ?

መልስ፣ በመዝገብ ቤት የሠራሁ፦
ወንድሜ፣ እኔ ብሆን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማንኛውም ባለጉዳይ ማመልከቻውን ባቀረበበት ቀን ቁጥርና ቀን ያለበት፣ በተቀባዩ የተፈረመ መቀበያ ወረቀት ይሰጠው። በቃል ብቻ የተመለሰ ሰው መጥቶ እንደነበር ማስረጃ የለውም፤ ቢሮውም ቢሆን ስንት ሰው ሳይስተናገድ እንደሄደ ማወቅ አይችልም፤ ምክንያቱም ሪፖርት ሲጻፍ የሚቆጠረው የተስተናገደው ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ጎረቤታችሁ የመጀመሪያው ቀን ወረቀት በእጇ ቢኖር ኖሮ፣ መዘግየቱ የማን እንደሆነ አያከራክርም ነበር።

ስለ ኮምፒውተሩ ደግሞ፣ «ፋይሉ ጠፍቷል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሻገር የወሰደው ሰው አልፈረመም ማለት ነው። ይህን ሳናስተካክል መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ብናስገባ ስህተቱም አብሮ ይገባል። የመውጫና የመመለሻ መዝገብ አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሠራተኛ እንጂ ሌላ አይፈልግም፤ ይህን የምለው በየቀኑ እናቶችን ባዶ እጃቸውን ስንመልስ አይቼ ስለሆነ ነው።

መልስ፣ የሕግ ባለሙያ፦
ድሬዳዋ በቻርተሯ፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የከተማዋን አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል፤ ውሳኔም በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱን መያዝ አለበት። በደብዳቤያችሁ ይህን አዋጅ ጥቀሱ። ጥያቄያችሁ የሕግ ግዴታ እንዲፈጸም የቀረበ መሆኑ ሲታይ፣ ውለታ እንደለመናችሁ አይቆጠርም።

መልስ፣ ከገንደ ቆሬ፦
የመቀበያው ወረቀት ሐሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ብቻ ከተጻፈ ግማሹን ሰው ይተዋል። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነሥታ የመጣች እናት ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ ልትናገር ትችላለች። የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች ዝርዝር በሦስቱም ቋንቋዎች በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ መረጃ ክፍሉ ያንብብለት። አንዱን ስታሟላ ሌላ ጎደለ እየተባለች የምትመላለሰው እኮ መጀመሪያውኑ ሁሉንም የነገራት ስለሌለ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ደብዳቤውን በመቀበያው ወረቀት ላይ እናተኩርና፣ በሦስቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ናሙና አያይዘን እናስገባለን። በመዝገብ ቤት የሠሩት ወንድማችን፣ ናሙናው ላይ መጻፍ ያለባቸውን ነጥቦች ቢዘረዝሩልን በጣም ይረዳናል።